ከኋላ፣ በግራ በኩል

ለናፍቆቴ ለወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንደምን ከረምክልኝ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት ወይ? የላክሁላት ቅባት ደረሳት? ሚስትህና ሕፃኗ ደህና ናቸው? የመንዝ ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ በሥላሴ ቸርነት በሕይወት አለን። ልጄ ሎዛ ፈተና ላይ ናት፤ በርበሬዬም ባይሞላልኝ እየተሸጠ ነው። እዚህ ላይ ደህና ነን ብዬ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ደህና አይደለሁም፣ ፈርቻለሁ። የምነግረው ሰውም አጥቻለሁ።

ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ። እዚያ ስልክ የሚይዘው ጉብታው ላይ ብቻ ነው፤ እማዬ ደግሞ ላውድ ላይ አድርጉት እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ ነው የምታወራው። እዚህም ቤታችንን ታውቀዋለህ። አማኑኤል አንዲት ክፍል ከነጓዳዋ፤ ሳስነጥስ ግቢው ሁሉ ይማርሽ ይለኛል። ስለዚህ ጻፍኩት። ብቻህን ሆነህ አንብበው፣ ለእማዬ እንዳታነብላት አደራ።

ነገሩ የተጀመረው በቴሌቪዥኑ ነው። አንተ ተኳርፈኸው ከሄድክ ወዲህ ዘመድኩን፣ የኔ ባል ያንተ ሹፌር፣ ማታ ማታ ከቴሌቪዥኑ ጋር ጠብ ያዘ። ድምፁ ሞቷል ይላል። ጨምሪው እያለ እያለ መጨረሻው ላይ ደረስን። ጎረቤታችን እትዬ ሸዋገነት በማግስቱ ቧንቧው ጋ አግኝተውኝ፣ እኛማ ቴሌቪዥናችንን ሸጠን ዜናውን ባንቺ ግድግዳ መስማት ነው ብለው አሾፉብኝ። ነገርኩት። ጥፋቱ የዕቃው ነው፣ የዛሬ ቴሌቪዥን ስፒከሩ ወረቀት ነው፣ ሆም ቴአትር ነው የሚያስፈልገን ብሎ ተነሣ።

ሪሲቨር እንግዛ ሲል የዲሹን እንዳይመስልህ። አምፕሊፋየሩ አብሮት ያለ፣ አምስት ስፒከርና አንድ ባስ የሚያናግረውን ነው። ሁለቱ ስፒከሮች ከጀርባህ ይሰቀላሉ፤ ፊልሙ ላይ መኪና ከኋላ ሲመጣ ከኋላህ ትሰማዋለህ አለኝ። እኔ መርካቶ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መኪና ከኋላዬ ሲመጣ አይደል እንዴ የምሰማው፣ ለዚህ ደግሞ ልክፈል ብዬ ቀለድኩበት። ሳቀ። ብቻ ርካሽ ይሁን፣ ፎርጂድ ግን እንዳይሆን፤ አንቺ ዋጋ ትከራከሪያለሽ፣ እኔ አዳምጣለሁ አለኝ። በዚሁ ሥራ ተከፋፍለን ቅዳሜ ወጣን።

መጀመሪያ የገባነው ረዲ የሚባል ለስላሳ አፍ ያለው ሰው ሱቅ ነው። ያሳየን ዕቃ መብራቱ እንደ ሠርግ ቤት ያብረቀርቃል፤ ላዩ ላይ የተለጠፈው ዋት መስቀል አደባባይን የሚያንቀጠቅጥ ነው። ቼክ አድርጋችሁ ውሰዱ አለን። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ገዢው መሐል ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሻጩ ሪሞቱን ሲጫን ሽሽሽ የሚል ድምፅ ከአንዱ ስፒከር ወደ ሌላው ይዞራል፤ ከፊት ግራ፣ ከመሐል፣ ከፊት ቀኝ፣ ከኋላ ቀኝ፣ ከኋላ ግራ። ገዢው በሰማ ቁጥር በእጁ ያመለክታል። ዘመድኩን የፊቶቹን እያያቸው አመለከተ። የኋላውን ቀኝም አመለከተ። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። የኋላው ግራ ሞቷል አለ።

እኔ ሰምቼዋለሁ። ጥርት አድርጌ ነው የሰማሁት። ግን የመርካቶ ሰው አይደለሁ? እንከን ያልወጣለት ዕቃ ዋጋው እንደማይወርድ አውቃለሁ። ስንቱ ነው እኔ ላይ መጥቶ ደህናውን በርበሬ እርጥብ ነው፣ አሸዋ አለው እያለ የሚያጣጥልብኝ። ባሌ ዛሬ ብልጥ ሆነልኝ ብዬ ደስ አለኝና፣ አዎ፣ የኋላው ግራ ትንፍሽ አይልም ብዬ ደገፍኩት። ረዲ ወላሂ ይሠራል ብሎ ማለ፣ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጠፈ፣ ከዚያ ወደኔ ዞሮ ዋጋውን ቀነሰ። አልሆነንም ብለን ወጣን።

ሁለተኛውም ሱቅ እንዲሁ። ሌላ ዕቃ፣ ሌላ ስፒከር፣ የኋላው ግራ ሞቷል አለ። አዎ ሞቷል አልኩ።

ስንወጣ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ክንዱን ያዝ አድርጌ፣ ይቺን ዘዴ ከማን ተማርካት፣ ሰዎቹን እኮ ላብ በላብ አደረግሃቸው አልኩት። አልመለሰልኝም። በሸክምና በጋሪ መሐል እየተጋፋን ነው የምንሄደው፣ አልሰማኝ ይሆናል ብዬ በቀኙ ዞርኩና ደገምኩለት። የምን ዘዴ አለኝ፤ ሞቶ ነው እንጂ፣ አንቺስ ራስሽ አልሰማሁም አላልሽም ወይ አለኝ። ፊቱን አየሁት፤ የሚቀልድ ፊት አይደለም። የሌባ አገር ነው፣ ሁሉም ጋ ያንኑ የተበላሸ ዕቃ ነው የሰበሰቡት እያለ መንገዱን ቀጠለ።

ወንድሜ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነው ቀልቤ የተገፈፈው።

ያኔ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መጣብኝ። ሰፈር ውስጥ ዘመድኩን ኮርቷል፣ ሰላም ሲሉት አልፎ ይሄዳል እየተባለ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሱ ይኼን ሐሜት አያውቅም፣ እኔ ግን ስንቱን ተጣልቼለታለሁ። ሎዛም አባባ ስጠራው ዝም ይለኛል ብላ አልቅሳ ታውቃለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ በርበሬ በረንዳ ላይ ያጣላችሁ ነገር መጣብኝ። አይሱዙውን ወደኋላ ሲያስገባ አጠገቤ የምትሸጠውን የሀስናን ጆንያዎች የደፈጠጠበት ቀን። አንተ ቁም ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኬያለሁ አልክ፤ እሱ ወንድምሽ ስልኩን እያየ ነበር፣ አልጠራኝም አለ። እኔ መሐል ቤት ማንን እንደማምን ጠፍቶኝ ነበር። ሀስና ዝርዝር ብር ልታመጣ ተነሥታ ነው እንጂ ጆንያው ላይ ተቀምጣ ነበር እኮ።

ያንተን ሥራ ላንተ አልነግርህም። ረዳት የሚቆመው ከኋላ በግራ በኩል ነው፤ ሹፌሩ በመስታወቱ እንዲያየው፣ በመስኮቱም እንዲሰማው። መስታወቱ ግን መርካቶ ውስጥ ምን ያሳያል? ተሸካሚው ይሸፍነዋል፣ ጋሪው ይሸፍነዋል። እዚህ ወደኋላ የሚነዳው በረዳቱ አፍ ነው። ና፣ ና፣ ና፣ ቁም። ያቺ ቁም የምትለው ቃል በየትኛው ጆሮ እንደምትገባ አስበው። ያ ጆሮ ስንት ዓመት ሙሉ በመስኮቱ በኩል ነፋስና ክላክስ ሲጠጣ የኖረ ነው።

ወደ ቤት እንመለስ ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ። ሦስተኛው ሱቅ የሀጂ ሁዛይፋ ነው፤ ያገለገለ ዕቃ ከዱባይ የሚያስመጡ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ። ዋት ዋት አትበሉ፣ እሱ ወረቀት ላይ የሚለጠፍ ነው አሉን። ብድግ አድርጋችሁ መዝኑት፤ ከከበደ ሆዱ ውስጥ ደህና ትራንስፎርመር አለ፣ ከቀለለ ባዶ ነው። በዚህ አቅም ርካሽ አዲስ ከምትገዙ ደህና ያገለገለ ይሻላችኋል ብለው አንድ ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው ሪሲቨር አወጡ። ዘመድኩን አነሣው፣ ከበደው፣ ወደደው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ድምፁ ዞረ። የኋላው ግራ ሞቷል አለ።

እኔ በዚህ ጊዜ አልደገፍኩትም። ሀጂ ሁዛይፋ አልማሉም፣ አልተከራከሩም። ዝም ብለው ሄደው የኋላውን ግራ ስፒከር ወደ ቀኝ አመጡት፣ የቀኙን ወደ ግራ ወሰዱት። እንደገና ተጫኑት። አሁን ሞቷል የተባለው ስፒከር ሠራ፤ ሲሠራ የነበረው ሞተ። ዘመድኩን አያችሁ፣ ገመዱ ነው አለ። ሽማግሌው ገመዱንም ቀየሩት። የኋላው ግራ አሁንም ሞቷል። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

ልጄ፣ ባለቤትሽ ሥራው ምንድን ነው አሉኝ። ዘመድኩን እጃችን ሥር ተቀምጧል፤ እኛ በግራው ቆመን ነው የምናወራው፣ ዞር እንኳን አላለም። ሻይ ቤት አለን አልኳቸው። ሹፌር ነው ማለት ፈራሁ። አልሐምዱሊላህ አሉ፤ እንደዚያ ሲሉ እዚያው መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ሪሞቱን ይዘው፣ ጋሼ፣ የዚህ ዕቃ ጥሩነቱ የእያንዳንዱን ስፒከር ድምፅ ለብቻ መጨመር ይቻላል አሉት። የኋላውን ግራ ብቻ እየጨመሩ፣ እየጨመሩ ሄዱ። የጎረቤት ሱቅ ሰዎች ምን ፈነዳ ብለው መጡ። እኔ ሁለት ጆሮዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዘመድኩን እጁን አነሣና ወደ ግራ አመለከተ። ፊቱ እንደ ልጅ በራ። ይኸው፣ ኦርጅናል ማለት ይኼ ነው አለ። እሱን ገዛን። ርካሽ ነው፣ በዋጋው ማንም አይወቅሰኝም።

ዛሬ ጠዋት ከራጉኤል ቅዳሴ ስንመለስ እንደምንም ደፍሬ፣ ጆሮህን ሐኪም ይየው አልኩት። መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያስ አለኝ፤ መንጃ ፈቃዴን ይቀሙኛል፣ መኪናው ይቆማል፣ ሎዛን በምን ልናስተምራት ነው? እኔ ከመሪው ሌላ ምን አውቃለሁ አለኝ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር፣ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ግን አንጀቴን በላኝ። እሱም ፈርቷል፣ ወንድሜ። አሥር እርምጃ ያህል ሄድንና፣ ወንድምሽን ጻፊለት፣ ይመለስልኝ፣ በደንብ ሳላጣራ ነው የተናገርኩት አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለ። ሲመለስ ግን ከኋላ በቀኝ ይቁም በይው አለ። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። ግራው መኪና ይበዛበታል አለ፣ ዐይኔን ግን አላየኝም።

እንግዲህ ይመለስ ያለህን ነግሬሃለሁ። ከዚህ በታች ያለው የኔ ነው። በቀኝ ቆመህ ብትጮኽ ከሞተሩ ባሻገር የሚሰማህ የለም፣ ያ ጆሮውም ቢሆን እየደከመ ነው። በግራ ብትቆም ደግሞ ነገርኩህ። አሁን ባንተ ቦታ ከኋላ የሚቆመው አገኘሁ የሚባል የቀን ሠራተኛ ነው፣ የአራት ልጆች አባት። ዞር ብለህ ቁም አልኩት፤ እንዴት ያየኛል ታዲያ ብሎ ሳቀብኝ። ነገ ንጋት ላይ ጭነት አላቸው። ያንን ጭነት ባሰብኩ ቁጥር የአገኘሁን ሚስት ፊት አየዋለሁ፣ አንዳንዴ ያንተን ሚስት ፊት አየዋለሁ።

ስለዚህ ከዚህ ወረቀት ጋር በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረውን ነገር ሳትጥል ያዘው። የመኪናው ቁልፍ ነው፣ ሌላ የለውም፤ አንተ እስክትመጣ መኪናው አይነሣም። ከአውቶቡስ ተራ ወደናንተ የሚመጣው ሹፌር የሎዛ የክርስትና እናት ባል ነውና ካንተ እጅ በቀር አይሰጠውም። መንጃ ፈቃድ ካወጣህ ቆይተሃል፤ ጋሼ ዘመድኩንን ትቼ አልነዳም ብለህ ነው ረዳት ሆነህ የቀረኸው። አሁን ቁልፉን ይዘህ ና። ከኋላ ልትቆም ሳይሆን መሪው ላይ ልትቀመጥ፣ እሱም በቀኝህ ሆኖ ጭነቱን ይዋዋል። እኔ ብነግረው ሰድባኛለች ይላል፤ አንተ ግን የሰጠኸውን ክብር ያውቃል።

እንዴት እንደወሰድኩት ልንገርህና ልጨርስ። ምሳ በልተን ፊልሙን ከፈተ፤ መኪናዎቹ ከኋላም ከፊትም ይጮኻሉ። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። እጄን ሰድጄ ሳወጣው አመለጠኝና ቁልፉ ከነማንጠልጠያው ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፣ ሎዛ ከጓዳ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ዘመድኩን አልዞረም። ሪሞቱን አነሣና ድምፁን ጨመረው። እኔ የቆምኩት በቀኙ፣ በሚሰማው ጆሮው በኩል ነበር።

ነገ ጠዋት ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ቢጮኽብኝም እፈራለሁ፣ ዝም ቢለኝም እፈራለሁ። አንተ ብቻ ቶሎ ድረስልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ራጉኤል በክንፉ ይጋርዳችሁ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ በደህና ያገናኘን። አሜን።

እህትህ