የክንፉ ጫፍና የቃሬዛው ልክ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለታላቅ እኅቴ፣

«ይኼ ልጅ ተመርቆ ምን እየሠራ ነው?» ሳትዪ አትቀሪም። እነግርሻለሁ፤ ምሬቴን ለመስማት ብቻ ተዘጋጂ። ግን ከሁሉ በፊት አንቺ እንዴት ነሽ እታለም? የማጂ ብርድ እንዴት አደረገሽ? ምግብ ይበላልሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ባለፈው ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «እግሬ ያብጣል» ብለሽ፣ ወዲያው ደግሞ «ቆሜ ስለምውል ነው» ብለሽ አልፈሽዋል። እኛ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ምንም አልሆነም፤ ትናንት እንኳ በቀበሌው የስኳር ሰልፍ ላይ ሁለት ሴቶችን ረትታ ነው የተመለሰችው።

ወደ ሥራዬ ልምጣ። የተመደብኩበት ቦታ ከቤታችን በእግር የሚደረስ ነው፤ በአሮጌው የልደታ አውሮፕላን ሜዳ ጥግ፣ ልጆች ሳለን በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቀን እናየው በነበረው ሀንጋር ውስጥ። አንድ የውጭ አገር በጎ አድራጊ ማኅበር ለገጠር ጤና ጣቢያዎች ትንሽ አውሮፕላን ልስጣችሁ ብሏል። ታዲያ ተሠርታ ያለቀች አይደለችም፤ ክንፏም ሆዷም በሣጥን በሣጥን ሆኖ መጥቶ እኛው እዚሁ የምንገጣጥማት ናት። ካታሎጉ ላይ ካሉት ሁለት ዓይነቶች አንዱን ምረጡ ተባልን። ደስታዬን አትጠይቂኝ! አውሮፕላንን በወረቀት ብቻ የተማርኩ ሰው በእጄ ልገጣጥም ነው።

አንደኛዋን ሰፊዋ፣ ሁለተኛዋን ጠባቧ እንበላቸው። ሰፊዋ ውስጧ ከጎን እስከ ጎን አንድ ሜትር ከሃያ ይሆናል። የቀኙ መቀመጫ ይነቀላል፤ ሲነቀል ሰው ከፊት እስከ ጅራቷ ሥር ተዘርግቶ ይተኛል፣ አስታማሚም ከፓይለቱ ኋላ ይቀመጣል። የክንፏ ጫፍ ወደ ታች ጎንበስ ያለ ነው። ጠባቧ አንድ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ከመቀመጫው ኋላ ወዲያው ስለምትሾል ከሻንጣ በቀር ምንም አታስገባም። የክንፏ ጫፍ ግን ሽቅብ የታጠፈ ነውና ፎቶግራፏን ያየ ሁሉ ይወዳታል። አልዋሽሽም፣ እኔም መጀመሪያ ወድጃት ነበር።

የክንፍ ጫፍ ነገር እንዲህ ነው። ከክንፉ በታች ያለው አየር ጫፉ ጋ ሲደርስ ሾልኮ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ያ መጠቅለል አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሽቅብም አጠፍሽው ቁልቁል፣ ዓላማው ያን ጉተታ መቀነስ ነው። በእንዲህ ያለች ቀርፋፋ ትንሽ አውሮፕላን ላይ ደግሞ የሁለቱ ልዩነት ይኼን ያህል የሚያነጋግር አይደለም። አየሩ ስስ ለሆነበት ለደጋ ሜዳ የሚጠቅመው ረዘም ያለ ክንፍ ነው፤ እሱም ያለው በሰፊዋ ነው። ይኼን ሁሉ አስልቼ፣ ሥዕል ጨምሬ፣ አውሮፕላኗን ለሚመርጠው ኮሚቴ አቀረብኩ።

ኮሚቴው! እዚህ ላይ ነው የምቃጠለው።

ሁለት ስብሰባ ሙሉ የተወራው ስለ ክንፍ ጫፍ ነው። ሊቀመንበራችን ጓድ ጋሻው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግዙፍ ነው፣ ሲቀመጥ ወንበር ያስጮኻል። የሰፊዋን ክንፍ አየና «ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው አንገቷን የደፋችው? ለቅሶ ልትደርስ ነው?» አለ። ጸሐፊው ገብረየሱስ ቀበል አድርጎ፣ ሽቅብ ያለው ጫፍ የወደፊቱን ጎዳና የሚያመለክት መሆኑ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ አለ። ለመስከረም ሁለት በአብዮት በዓሉ ሰልፍ ላይ ስታልፍ ሕዝቡ ምን ይላል? ተባለ። እኔ «ሕዝቡ ሲታመም የት ላይ ልተኛ ነው የሚለው» ብል፣ ጓድ ጋሻው «ጓድ ምሩቅ፣ ቀስ በል፤ የዲግሪህ ቀለም እንኳ አልደረቀም» ብሎ አሳቀብኝ።

ስለ ውስጧ ስፋት ለመነጋገር በመከራ አንድ ቀን አገኘሁ። በወረቀት አልገባቸው ሲል የጠባቧን ውስጥ በልኳ በኮምፔንሳቶ ጣውላ አሠራሁት፤ አብራኝ የምትሠራው ነዳፊያችን ማናለብሽ ነደፈችው፣ አናጢው ቸነከረው። ኮሚቴው ሀንጋር ድረስ መጣ። ጓድ ጋሻው ኮቱን አውልቆ ገባና ከሁለቱ መቀመጫዎች መሃል ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማንም አልገባም! አስቢው እታለም፤ ሁለት ሰው የሚይዘውን ልንለካ መጥተን፣ ከሊቀመንበር ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ መቀመጥ ነውር ሆነና ሁሉም እጁን አጣምሮ ዙሪያውን ቆመ። ገብረየሱስን ግባ እንጂ ስለው «ኧረ እኔ እዚሁ ይሻለኛል፣ ጓድ ሊቀመንበር ይመችዎት» እያለ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጓድ ጋሻው ግራና ቀኙን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ሰፊ ነው፤ እንዲያውም ይተርፋል» አለ። ገብረየሱስም ጻፈ፦ ስፋቷ በተግባር ተፈትኖ በቂ ሆኖ ተገኝቷል። በተግባር!

ማናለብሽ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «አሁን ካልገባህ መቼም አትገባም» አለች። ገባሁ፤ ይቅርታ እንኳ ሳልል። እሱ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ ስንገፋፋ ኮምፔንሳቶው ጧ! አለና የእኔ ጎን ተገንጥሎ ወደቀ። ሳቅ ሆነ፤ ራሱ ጓድ ጋሻውም ከልቡ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ፓይለቱ ቀጭን ሰው ይመደብ።»

ትዕግሥቴ ያለቀው ያኔ ነው። እሱ ሲወጣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ አሁን እኔ ምጥ የያዛት ሴት ነኝ» አልኩና እዚያው በጀርባዬ ተጋደምኩ። ከጉልበቴ በታች ያለው ውጭ ቀረ። ተጋድሜ ሳለሁ ባለፈው ክረምት ስለጻፍሽልኝ ሴት ነገርኳቸው፤ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ በቃሬዛ ሜዳው ድረስ ስላመጣችኋት፣ ሊወስዳት የመጣው ትንሽ አውሮፕላን መቀመጫ እንጂ መተኛ የሌለው ሆኖ ባዶውን ስለ መመለሱ፣ አንቺም እስከ መጨረሻው እጇን ይዘሽ ስለ ማደርሽ። ማንም አልሳቀም። ጓድ ጋሻው ኮቱን ለበሰና «ሴትዮዋ የማን ናት?» አለኝ። «የማንም ልትሆን ትችላለች» አልኩት። «በወሬ አይሆንም» አለ በመጨረሻ፤ «የቃሬዛውን ልክ ከነማኅተሙ ከጤና ጣቢያ አምጣና ጉዳዩን በግንቦት መግቢያ እንደገና እናየዋለን።»

ስለዚህ ብዕር ያነሳሁት «ለክተሽ፣ ማኅተም አስደርገሽ በፖስታ ላኪልኝ» ልልሽ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ እማዬ ናት። ደብዳቤሽን ሳነብላት ያን የእግርሽን ነገር ሁለቴ አስደገመችኝ። በማግስቱ ገብስ አስፈጨች፤ ቅቤ አነጠረች። ከትናንት በስቲያ የገንፎ ዱቄቱን በነጭ ከረጢት ሰፍታ «ወደ ማጂ የሚሄድ ሰው ፈልግ» አለችኝ። ለምን አላልኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። አንቺም አልነገርሽኝም። አልቀየምኩም፤ አልጠይቅሽምም።

እታለም፣ መሐንዲስ ነኝና የማይሆነውን ይሆናል ብዬ አልሸነግልሽም። ዛሬ ሰፊዋ ብትመረጥ እንኳ ሣጥኖቹ አሰብ እስኪደርሱ፣ እስክንገጣጥማት፣ እስክትፈተሽ፣ የሚመጣው ዓመትም አይበቃን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ላሉት ትደርሳለች። ለዘንድሮ ግን አትደርስም።

ስለዚህ ትናንት ጓድ ጋሻው ቢሮ ገባሁ። ልኩ በወረቀት ከመጣ ኮሚቴው ደግሞ በወረቀቱ ይከራከራል፣ የማጂዋ ጤና ረዳት ራሷ ቃሬዛውን ይዛ ትምጣና ታስረዳ አልኩት። ብዕሩን አወጣና ፈረመ። የጥሪው ወረቀት ከዚህ ጋር አለ፤ ለይለፍም ለፈቃድም ይበቃሻል። ለአለቃሽ እሱን ብቻ አሳዪና ለስብሰባ ተጠራሁ በዪ። ሌላ ማብራሪያ ለማንም አያስፈልግሽም፤ እኛ ቤትም አያስፈልግሽም። ዝናቡ ሳይጠና ወደ ሚዛን ውጪ፤ በበቅሎ እንዳትሞክሪው፣ መኪና ጠብቂ። ከሚዛን አውሮፕላን ስትሳፈሪ ጋቢ ደርበሽ ቢያዩሽ በርዷት ነው ይላሉ።

የገንፎውን ዱቄት አልልክም፤ እዚሁ ይጠብቅሻል። የእኔን ክፍል ለቅቄልሻለሁ፣ ሳሎን እተኛለሁ። ክፍሉን በሜትር ለክቼዋለሁ፤ አልጋሽ ገብቶ በጎኑ ሌላ ትንሽ አልጋ ይይዛል።

የሰፈራችን እመቤት መንገድሽን ታቅናልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። ለግንቦት ልደታ፣ ጎረቤቱ ንፍሮውን ይዞ ደጅ ሲወጣ፣ ከመሃላችን እንድትገኚ። የምትነሺበትን ቀን በቴሌግራም ንገሪኝ፤ ከጠዋት ጀምሬ ቦሌ ቆሜ እጠብቃለሁ።

የሚናፍቅሽ ታናሽ ወንድምሽ