ዝግባው ቆሟል

ለባለቤቴ ለይልማ፣

ከተለየኸኝ ዛሬ አሥራ አንድ ወር ከስድስት ቀን ሆነ። ሰው «ዓመት ሞላው» ይላል፤ እኔ ግን እንደምታውቀኝ የጎደለውን ቀን አልሞላም።

ቤታችን እንደተውከው ነው። ልጅህ ሄለን ግቢውን ሴራሚክ ላስነጥፍ ብላ ሠራተኞች አምጥታ ነበር፤ ከበር መለስኳቸው። በአዳማ ፀሐይ ሴራሚክ ላይ በባዶ እግሯ ትቁምና ትየው።

የምጽፍልህ ግን ስለ ራሴ ስህተት ነው። በቀብርህ ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪክህን ሄለን ጽፋ ለእርማት ሰጥታኝ ነበር። «አንድ ትልቅ ዝግባ እንዳይቆረጥ ቀኑን ሙሉ ግንዱን ተደግፎ በመቆም አድኗል» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁና በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። አርባ ዓመት ስትነግረኝ ምስክር አምጣ አልኩህ፤ አላመጣህም። ሥራህ የሚቆረጡ ዛፎችን ለምልክት ቀለም መቀባት ነበር። ከጫካ ወደ አዳማ ቢሮ የተዛወርከው አንዱን አልቀባም ብለህ መሆኑን እንዴት ልመን? ከአለቃህ ተጣልተህ ነው ብዬ ደመደምኩ። ያልተረጋገጠ ነገር በመቃብር ላይ አይነበብም አልኩ። ሄለን አለቀሰች፤ አንተም ያለዚያ ዓረፍተ ነገር ተቀበርክ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልተወኝም። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ጫካው ውሰጂኝ አልኳት። «እማዬ፣ በዚህ ጉልበትሽ?» አለች። እኔ ጉልበቴን ላንቀሳቅስ፣ አንቺ መኪናሽን አንቀሳቅሺ አልኳት። መንገድ ላይ ዓለም ጤና ከተማ ስንደርስ ሽንኩርት ልግዛ ብላ ልታዘገየኝ ሞከረች፤ ስንመለስ ትገዣለሽ አልኩ። ከኩየራ በላይ መንገዱ ሲያልቅ ወርደን በእግር ገባን። ያንተን ዝግባ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በጣት እያመላከቱ አደረሱን።

ይልማ፣ እንዲህ ያለ ፍጥረት አይቼ አላውቅም። ቀና ስል ነጠላዬ ከራሴ ወደቀ፤ ጫፉን ግን አላገኘሁትም። ያያቶቻችን አያቶች ሳይወለዱ የቆመ ነው አሉን። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ ነበርና ከሄለን ጋር ዙሪያውን ለካነው፤ ስድስት ጊዜ ካዛወርነው በኋላ ገጠመ።

ስንለካ ጥርሱ ያለቀ አንድ የጫካ ጥበቃ መጣ። «አዴ፣ ቀሚስ ሊሰፉለት ነው?» አለኝ። ስምህን ስነግረው ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ያን ቀን መጋዙን ከያዙት ከሁለቱ አንዱ እሱ ነበር። «ኦቦ ይልማ ከዛፉ ተለጠፈ። እኔን ጨምራችሁ ቁረጡ አለ። እግሩ ግን እንዲህ ይል ነበር» ብሎ እጁን እያንቀጠቀጠ አሳየኝ። ቀኑን ሙሉ ነው የቆመው? አልኩት። «ኧረ እስከ ምሳ ነው! ዝናብ መጣና ሁላችንም ሸሸን። አለቃው ግን በንዴት ወደ አዳማ ሰደደው፤ ዛፉንም ዳግመኛ የነካው የለም።»

ሳቅሁ፤ ከቀብርህ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እዚያው ሥሩ ላይ ቁጭ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁህ። ይቅርታው ለሰረዝኩት ነው፤ ምስክር አምጣ ስላልኩህ አይደለም። አንድ ቀን ይዘኸኝ ብትመጣ ምን ነበረበት?

በሙት ዓመትህ የሕይወት ታሪክህ እንደገና ይነበባል ብዬ ለወንድምህ ነገርኩት። «እትዬ፣ የተነበበ ተነቧል! ሰው ሚስቱ እንኳን አላመነችውም ነበር አይልም?» አለኝ። ይበል፤ እውነት ነው። ካህኑ አይፈቅዱም አለ፤ ከጸሎት በኋላ ነው አልኩት። ማይክራፎን የለም አለ፤ እኔ ስልሳ ተማሪ በባዶ ጉሮሮዬ ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ።

ቆሜ የማነበው ራሴ ነኝ። መጀመሪያ የሰረዝኩት እኔ መሆኔን እናገራለሁ። ከዚያ ያደረግከውን አነባለሁ፤ «ቀኑን ሙሉ» ግን አልልልህም፣ እስከ ምሳ ሰዓት ነው። በሕይወት እስካለሁ የማስታውስህ እንደ ነበርክ ነው፤ እየፈራህ፣ ግን ሳትነቃነቅ። ከዘመዶችህ ይህ ያልጣመው ካለ ተነሥቶ ይውጣ።

ባለቤትህ አስካለ