ባዶ ወረቀት ላይ ያረፈ ማህተም

ናፍቆትህ አላስቀምጥ ላለኝ ልጄ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን።

አባትህ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው ማዘጋጃ ቤቱ «እረፍት» ሰጥቶታል። ግን እሱ ማረፍ የት ያውቅና! ጠዋት ከረባቱን አስሮ ይቀመጣል፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ይላል። እሱ በሌለበት ባለጉዳይ እንዳይጉላላ ብሎ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ማህተም እየመታ መሳቢያ ውስጥ ይተው እንደነበር ታውቃለህ። ከነዚያ በአንዱ የሰው ቤት ተሽጦ ተገኘ አሉ።

ይልቅ አንተ ሕግ አዋቂው፣ አንዲት ጎረቤቴ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው፦ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው በጥፋት ቢባረር ጡረታው ይቀርበታል? ለሚስቱስ?

አባትህ ሰላም ይልሃል፤ መጻፌን ግን አልነገርኩትም። መልሱን በእኔ ስም ላክልኝ። ጎረቤቴ እንቅልፍ ካጣች ሰነበተች።

እናትህ