ሐሙስ ዕለት ሆሳዕና ጠርተውን ላልመጡት ሊቀመንበር

ለተከበሩ ዶክተር ነህምያ ሀንዲሶ
የጎህ ፓርቲ ሊቀመንበር፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ አማካሪ
አዲስ አበባ፣ በአዲሱ ወንበርዎ ላይ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉንፋንዎ ሙሉ በሙሉ ለቆዎት፣ ጉልበትዎ ተመልሶ፣ ቤተሰብዎም በሰላም ውሎ እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። ከምርጫው በኋላ በነበረው ሐሙስ ሆሳዕና ከተማ እንድንሰበሰብ አዘውን ሳለ «ዶክተር በጠና ታመዋል» ተብሎ ሲነገረን ክፉኛ ደንግጠን ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ሰዓት በሬዲዮ የሰማነው ድምፅዎ ከወትሮው ይልቅ ጥርት ያለ ስለነበር፣ ሕመሙ ጉሮሮዎን ሳይነካ ማለፉን ተረድተን ፈጣሪን አመስግነናል።

በአደባባይ ስጽፍልዎ ለክብርዎ ሳልሳሳ ቀርቼ አይደለም። ስልክዎን ደጋግሜ ሞክሬአለሁ። ሁልጊዜ የሚያነሳው ጸሐፊዎ ሙሉአለም ነው፤ እርሱም በትሕትና «ዶክተር ስብሰባ ላይ ናቸው» ይለኛል። በሌሊትም በእሑድም የማያልቅ ስብሰባ የሚቀመጥ ሰው አገሩን ምን ያህል ቢወድ ነው እያልኩ ስልኩን እዘጋለሁ።

ለማያውቁን አንባቢዎች ስል አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ እርስዎ መቼም አይቀየሙኝም። ክቡርነትዎ ከሺንሺቾ ሆሳዕና መጥተው ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ ያረፉት እኛ ቤት ነበር። አባቴ አቶ ተረፈ ሎምቤሶ ከአባትዎ ጋር በቤተ ክርስቲያን ይተዋወቁ ነበርና «የእኔ ልጆች በሚበሉበት ይበላል» ብለው ተቀበሉዎት። ከታናሽ ወንድሜ ከታዴዎስ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝታችኋል። ሒሳብ ያስጠኑት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ሾኔ ላይ የፊዚክስ መምህር የሆነው በእርስዎ ምክንያት እንደሆነ እስካሁን ለሰው ሁሉ ይናገራል። እናም «እርስዎ» እያልኩ ስጽፍ ጣቴ ትንሽ ቢደናቀፍ፣ ያኔ «ነህሜ፣ ውሃ ቅዳ» እያልኩ አዝዝዎት ስለነበር ነውና ይታገሱኝ።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ ልግባ።

፩ኛ/ በቅስቀሳው ወቅት ስላሳዩን ፍቅር አመሰግናለሁ። ሾኔ ገበያ አጠገብ አይሱዙ ላይ ቆመው በሀዲይኛ ሰላምታ ሰጥተው፣ በከምባትኛ አስቀው፣ በአማርኛ ሲያስለቅሱን እዚያ ነበርኩ። «ዝናብ ከመጣ መጀመሪያ የምበሰብሰው እኔ ነኝ፤ ከኋላችሁ ሳይሆን ከፊታችሁ ታገኙኛላችሁ» አሉን። ከጎኔ የነበረች ቅቤ ነጋዴ ነጠላዋን አውልቃ እያውለበለበች እንባዋ ይወርድ ነበር። ታዴዎስም የአካባቢው አስተባባሪ ሆኖ ከማስተማር የተረፈውን ጊዜ ሁሉ በሞተር ሳይክል ከሾኔ ዱራሜ፣ ከዱራሜ አንጋጫ ሲባዝን ከረመ።

በዚያ ሰሞን ከተማችን ለሁለት ተከፍላ እንደነበር ላስታውስዎ? በባጃጅ ውስጥ ስምዎ ከተነሳ ወይ ሹፌሩ ይቆጣል፣ ወይ ተሳፋሪው ይወርዳል። ግማሹ «ከእኛ ወጥቶ ለእኛ የሚናገር አገኘን» ሲል፣ ግማሹ «ይህ ሰው ከመስታወት በቀር ማንንም አይወድም» ይል ነበር። ጎረቤታችን ፈትሁዲን ባለሱቁ የእርስዎን ፖስተር በሩ ላይ ስለሰቀለ የዘመናት ደንበኞቹ ፊት ለፊቱ ወዳለው ሱቅ ተሻገሩ። «አውርደው እንጂ» ስለው፣ «ሰውየው ከታዴዎስ ጋር ያደገ አይደል? እኔ የማምነው ታዴዎስን ነው» አለኝ። ለካስ ግማሹ ድምፅዎ የታዴዎስ ኖሯል፤ ያን ጊዜ አላስተዋልነውም።

፪ኛ/ ስለ ሐሙሱ ቀን አመሰግናለሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ባደርገው ይፍቀዱልኝ።

ድምፅ ተቆጥሮ ውጤቱ በየምርጫ ጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ፣ ታዴዎስ ለወኪሎቻችን በሙሉ ደወለ። በማግስቱ ጠዋት የየጣቢያውን ውጤት ያውቅ ነበር። ደወለልዎ፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። «ነህሜ፣ ተሸንፈናል። ወኪሎቻችን ሁሉም ፈርመዋል፤ የሚያጠራጥር ነገር የለውም» አለዎት። እርስዎም «ይህን ለማንም እንዳትናገር። ሕዝቡን ሐሙስ ሆሳዕና ሰብስብልኝ፣ ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ» አሉት። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ በርቶ ነበር። «አየሽ፣ ሽንፈትን ፊት ለፊት ቆሞ የሚናገር መሪ ነው ያለን» አለኝ። እኔም አመንኩ።

ሐሙስ ሕዝቡ መጣ። የሾኔ ወጣቶች በአይሱዙ፣ የሺንሺቾና የዱራሜ ሰዎች በሚኒባስ፣ የሌሞ ገበሬዎች በጋሪና በእግር መጥተው በፓርቲው ቢሮ ፊት ያለውን መንገድ ሞሉት። ዝናቡም መጣ። እኛ በሰበስን፤ ከፊታችን ግን ማንም አልነበረም። ታዴዎስ ሲደውል፣ ሲደውል፣ በመጨረሻ ሙሉአለም አንስቶ የሕመምዎን ዜና ነገረን። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። በዚህ መሐል ከቢሮው ጎን ባለው በፈትሁዲን ሱቅ ውስጥ የተከፈተው ሬዲዮ የእርስዎን ድምፅ አሰማን፤ ሰው ዝም ዝም ተባብሎ ወደ ሱቁ ተጠጋ። «ድምፃችን ተሰርቋል፤ ሕዝባችን አሁን በሆሳዕና መንገድ ላይ ነው፤ እስከ መጨረሻው አይመለስም» እያሉ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ «እስከ መጨረሻው» የሚለው ሐረግ ሞቅ ያለ ስቱዲዮ ውስጥ ሲነገርና ዝናብ ላይ በቆመ የተናደደ ሕዝብ መሐል ሲሰማ አንድ ትርጉም እንደሌለው የተማርኩት ያን ቀን ነው። ወጣቶቹ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ማንሳት ጀመሩ። «ወደ ምርጫ ጽሕፈት ቤቱ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። እዚያ ውስጥ ቆጠራውን ሲሠሩ የከረሙ የሰፈራችን ልጆች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ እንደነበሩ እናውቅ ነበር። ከወዲያ ማዶ ደግሞ ፖሊሶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

ታዴዎስ ከሌሞ የመጣ ጋሪ ላይ ዘለለና ወጣ። ማይክ አልነበረውም፤ ማይኩ ያለው እርስዎ ጋ ነበር።

«ስሙኝ! አልተሰረቅንም። ተሸንፈናል!» ብሎ ጮኸ።

«ውረድ! ባንዳ!» አሉት። ሕዝቡን ልወቅስ አልችልም። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ጣቢያ በር ላይ የተለጠፈውን አንብቦ መሸነፋችንን ያውቃል፤ እርስዎ «ተሰርቋል» ስላሉት ግን ስርቆቱ የተፈጸመው ሌላ ቦታ መስሎታል። ድንጋይ ተወርውሮ ቅንድቡን መታው። ደሙ ከዝናቡ ጋር ሸሚዙ ላይ ሲወርድ አየሁ። መሬት ላይ ሆኜ «ታዴ፣ ውረድ!» እያልኩ ስጮህ አልሰማኝም። ያንኑ ቃል በሀዲይኛ ደገመው፤ በከምባትኛም ደገመው።

ያኔ የጋሪው ባለቤት፣ አንድ ሸምገል ያሉ የሌሞ ሰው፣ ልጓሙን እንደያዙ ቀና ብለው ተናገሩ። «እኛ ጋ ተሸንፈናል። በዓይኔ አይቻለሁ። እናንተስ ጋ?»

ከዚያ ከሺንሺቾዎቹ መሐል አንድ ሰው በዝግታ «እኛም ጋ ተሸንፈናል» አለ። ከሾኔ አይሱዙ ላይ አንዲት ሴት «እኛም ጋ» አለች። ዱራሜዎቹ ቀጠሉ። ከየአቅጣጫው «እኛም ጋ፣ እኛም ጋ» እየተባለ ሄደ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሽንፈቱን ከእርስዎ አፍ ሊሰማ መጥቶ እርስ በርሱ ተነጋገረው። ድንጋይ የያዙትም አንድ በአንድ ጣሉ። አንዳንዱ አለቀሰ። ታዴዎስን ደግፈን ፈትሁዲን ሱቅ አስገባነው፤ ፈትሁዲን አዲስ ፎጣ ከመደርደሪያው አውርዶ ቅንድቡ ላይ ያዘለት።

ያን ቀን ሆሳዕና ውስጥ ማንም አልሞተም። ይህን ለዜና የማይበቃ ነገር ስለሆነ እርስዎ ሳይሰሙት እንዳይቀሩ ብዬ ነው የጻፍኩት።

፫ኛ/ በማግስቱ በዚያው ሬዲዮ ስለሰጡት ማብራሪያ አመሰግናለሁ። «በሆሳዕና ትግላችንን የሸጠው ውስጣችን ያደረ ሰርጎ ገብ ነው» አሉ። ስሙን አልጠሩም፤ ለጨዋነትዎ ምስጋና ይድረስዎ። ግን ጋሪ ላይ የወጣው ሰው አንድ ብቻ ስለነበር ማንም አልተቸገረም። ሾኔ ላይ ያከራየው ሰውዬ፣ በሩ ላይ የእርስዎ ፎቶ ያለበት፣ «ልጄ፣ ቤቱን ፈልጌዋለሁ» አለው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አብረውት ያደጉ ሰዎች ሲቀመጥ አግዳሚውን ለቀው ተነሱ። ቅንድቡ ተሰፍቶ፣ ሻንጣውን ይዞ አባታችን ቤት ተመለሰ።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ታዴዎስ ክረምቱን ሙሉ ስልኩን ከአጠገቡ አላራቀም። ምግብ ሲበላ ሳህኑ ጎን ያስቀምጠዋል። «ማንን ነው የምትጠብቀው?» ስለው፣ «ነህሜ ተናዶ ነው እንዲያ ያለው። ሲበርድለት ይደውላል። እኔ አውቀዋለሁ እኮ» ይለኛል። እኔ እንደ እህት ተቆጣሁ፤ እርሱ ግን እንደ ወንድም ጠበቀዎት።

፬ኛ/ እንኳን ደስ ያለዎት። አሸናፊዎቹ በአማካሪነት ሲሾሙዎት፣ ድምፃችንን ሰረቁ ያሏቸውን ሰዎች እጅ ጨብጠው ሲስቁ የተነሱትን ፎቶ ሁላችንም አየነው። ሰማያዊው ሙሉ ልብስ ያምርብዎታል። «ለሕዝቤ ስል የግል ስሜቴን ወደ ጎን ትቻለሁ» ያሉትንም አነበብን። ታዴዎስ ፎቶውን ያየው ፈትሁዲን ሱቅ ውስጥ፣ በፈትሁዲን ስልክ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ አየው። «እንኳን ደስ ያለው» አለና ስልኩን መለሰ። ከዚያ ወጥቶ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ሌሞ በሚወስደው መንገድ ብቻውን ሲሄድ አየሁት፤ አልተከተልኩትም። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ራቱንም በላ።

ትምህርት ሲከፈት ከአባታችን ቤት እየተመላለሰ ሾኔ ማስተማሩን ቀጠለ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ሲገባ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እውነት ሸጠኸን ነው?» ብላ ጠየቀችው። «አልሸጥኩም፤ ተሸንፈን ነው። መሸነፍ ያለ ነገር ነው፤ ደብተራችሁን አውጡ» አላቸው። ይህን የነገረኝ እርሱ አይደለም። ያቺ ልጅ ቤቷ ሄዳ ተናገረች፣ አባቷ ደግሞ ያ አከራዩ ሰውዬ ኖሮ፣ ሳምንቱ ሳያልቅ አባታችን ቤት ድረስ መጥቶ «ክፍሉ ባዶ ነው» አለ። ታዴዎስም ሻንጣውን አንስቶ ተከተለው።

አሁን በከተማችን ስለ እርስዎ የሚባለውን ማወቅ ይፈልጉ ይሆናል፤ አማካሪ ነዎትና። አንዳንዱ «ብልህ ነው፣ ከውስጥ ሆኖ ይሠራልናል» ይላል። አንዳንዱ ስምዎ ሲነሳ ይተፋል። ትናንት ይደግፉዎት የነበሩትና ይቃወሙዎት የነበሩት ግን ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «ያ ልጅ ባይወጣ ኖሮ ስንቶቻችን እንሞት ነበር?» ሆሳዕናን አንድ አደርጋለሁ ያሉት ቃል በዚህ መንገድ ስለተፈጸመ ደስ ሊልዎት ይገባል።

የምጠይቅዎ ነገር ትልቅ አይደለም። ሬዲዮው ለእርስዎ ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ፣ አንድ ቀን ከስብሰባ ሲወጡ ጎራ ብለው «ታዴዎስ ተረፈ ያን ቀን እውነቱን ነበር የተናገረው» ይበሉ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የሚሉት ሁሉ የእርስዎ ነው።

ሥራዎ የተቃና፣ ምክርዎ የሚሰማ፣ ጤናዎም ሕዝብ በጠሩ ቁጥር የማይታወክ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለነበሩት የቤታችን ልጅ ናፍቆቴን፣ ለሆኑት ክቡር ደግሞ ከወገብ ዝቅ ያለ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

አክባሪዎ
ገነቴ ተረፈ
ሆሳዕና

ማስታወሻ፦ «ያደግኩበት ቤት ነው የከዳኝ» ማለትዎን ሰምቼ አዝኜ ነበር፤ እኔም ታዴዎስም ድምፃችንን የሰጠነው ለእርስዎ ነውና። ባለፈው እሑድ ግን ይህን ስናነሳ፣ ፓርቲ የሚባል ነገር በአፋቸው አንስተው የማያውቁት አባባ «እውነቱን ነው፤ እኔ አልመረጥኩትም» አሉ። ሁለታችንም ደነገጥን። «አባባ፣ ያሳደጉትን ልጅ? ለምን?» አልናቸው። ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡና «ስላሳደግኩት» አሉን።