ከምሥራቅ ራስጌ የበቀለው እሾህ

መስከረም 16
ምስር ቀቅዬ በላሁ። ጨው ረሳሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ ባለቤቴ ወደ ምሥራቅ መቃብር ሄድኩ። የቀበርናት ዕለት ከብት እንዳይረግጣት ብለው የደፉባት እሾህ ደርቆ ተሰባብሯል። አንዱ ግን ሥር ሰዶ፣ ራስጌዋ ያለው ወይራ ላይ እየተንጠላጠለ ወጥቷል። አምናም አይቼው ነበር... አረም መስሎኝ። ምን ይሆን? እሷ ብትኖር ገና ከሩቅ ትነግረኝ ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት አማርኛ ነው፤ የሚወጋ ሁሉ ለእኔ እሾህ ነው።

መስከረም 20
ልጄ አበጀ ከደብረ ታቦር ደወለ። "አባዬ፣ ለሁለተኛ ሙት ዓመቷ መቃብሯን በሲሚንቶ አሠራዋለሁ። ያ እሾህ ይነቀላል።" ይሁን አልኩት። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ጭር አለ። ቆይ... ቀጋ ቢሆንስ?

በበጋ ከአርብ ገበያ ስትመለስ ፍሬውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ታመጣ ነበር። "ቅመስ እንጂ!" "የዝንጀሮ ምግብ አልበላም።" ትስቅብኝና ብቻዋን ትበላዋለች። አንድ ቀን እንኳ አልቀመስኩላትም።

ቀጋ ከሆነ አላስነቅልም። ግን በምን ልወቅ?

ጥቅምት 3
ጎረቤቴን ጌጤን ይዣት ሄድኩ። ገና ከቤተ ክርስቲያኑ በር "አጋም ነው፣ ጋሼ ሀብቴ" አለች። ቅጠሉን ቀነጠብኩት። አጋም ቢሆን ነጭ ወተት ያወጣ ነበር፤ ይኼ ምንም የለውም።
"እንግዲያስ እንጆሪ ነው።"
"እርግጠኛ ነሽ?"
"ኧረ እኔ ምኑን አውቄው! ፍሬውን ሳያዩ ማን ይለየዋል?"
እሷም እንደኔው ናት።

ጥቅምት 19
አበባ አወጣ። ነጭ፣ መሐሉ ቢጫ። ሽታው ደስ ይላል። "ቀጋ የዱር ጽጌረዳ ናት" ትል ነበር... ወይስ እኔ ነኝ አሁን የፈጠርኩት?

ኅዳር 12
አረንጓዴ ፍሬ ይዟል። ቤት ገብቼ "ፍሬ ይዟል" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ለማን? ለግድግዳው።

ታኅሣሥ 29
ገና። አበጀ ሥራ በዝቶበት አልመጣም። ብቻዬን ዶሮ ምን ያደርግልኛል? ለጌጤ ልጆች ሰጠሁት።

ጥር 23
ቀላ! አንዱን ሰነጠቅኩት፤ ውስጡ ጸጉራም ዘር። ቀጋ ነው... ቀጋ ነው!

ወደ አፌ ካደረስኩት በኋላ ፈራሁ። መቃብር ላይ የበቀለ ይበላል? የደብሩን ቄስ፣ አባ ወልደ ሰንበትን ጠየቅኳቸው። ሳቁ። "መምህር፣ ስንዴውስ ከዚሁ አፈር አይደለም የሚበቅለው? ብቻ ሲበሉ ነፍስ ይማር ይበሉ።"

ተዝካሯ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ መንገድ ተዘግቶ፣ ዘመድ መምጫ አጥቶ፣ ሳላወጣላት ቀረሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ይህንኑ ለአባ ነገርኳቸው። ተዝካር ሳላወጣላት ብቻዬን መብላት ከብዶኝ ፍሬውን ሳልቀምስ ተመለስኩ።

ማታ ለአበጀ ደወልኩ።
"አይነቀልም።"
"አባዬ፣ ግንበኛ ቀጥሬያለሁ እኮ!"
"ቀጋ ነው። የእናትህ ቀጋ ነው።"
ቻው ሳይለኝ ስልኩን ዘጋው።

የካቲት 8
ሙት ዓመቷ። አበጀ ግንበኛውን ይዞ ማለዳ ደረሰ።

ከቅዳሴ በኋላ መቃብሯ ጋ ስንደርስ ሰው ከቦታል። ለካ አባ ለሕዝቡ ነግረውልኛል! ጌጤ ቀጋውን እየለቀመች ታድላለች። ሽማግሌው፣ አሮጊቱ፣ ጸበልተኛው... የቀመሰ ሁሉ "ነፍስ ይማር" ይላል።

አንድ እንግዳ ሰው "የማን ተዝካር ነው?" አለ።
"የእትዬ ምሥራቅ" አለችው ጌጤ።

እንባዬ መጣ። አላፈርኩበትም። አበጀም የሚቀምሰውን ሰው ሁሉ አየ። ቆይቶ ግንበኛውን "ዙሪያውን ብቻ ካብልኝ፣ ግንዱን እንዳትነካ" አለው። ከዚያ አንድ ፍሬ ቀጠፈ። ልክ እንደ እናቱ ዘሩን በጥፍሩ ፍቆ አወጣና ወደ እኔ ዘረጋው።
"ቅመስ እንጂ፣ አባዬ!"

ነፍስ ይማር ብዬ በላሁ። ጎምዘዝ፣ ጣፈጥ ይላል። ሌላ ጨምርልኝ አልኩት።