በቤታችን ላይ ስላለፈው መንገድ ለጓድ ሊቀመንበር የቀረበ ምስጋና

ፎንቆ፣ ጥር 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ሰይፈሥላሴ፣ የመንገድ ሥራ ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

አላህ ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልን፤ ባለቤቴ አብዱራህማን የተገደለበት ተኩስ ጆሮዎን አውኮት ከነበረም ከልብ አዝናለሁ። እኔ ገበያ ላይ ቅቤ የምሸጠው ረሂማ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ያስቆጠረኝ ኮሚቴዎ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በጽሑፍ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

1ኛ. አብዱራህማን ጭሰኛ ነበር፤ መሬት ላራሹ ሲታወጅ መዳፉ እስኪቀላ አጨብጭቧል። የመንገዱ ችካል መጀመሪያ በባዶው ግጦሽ በኩል ተተክሎ ነበር፤ የእርስዎ ባሕር ዛፍ ዘንድ ሲደርስ ግን ይሉኝታ ይዞት ታጠፈና እንሰታችን መሃል ገባ። ባለቤቴ ቢሮዎ መጥቶ ቢጠይቅ፣ «መሬቱ የመንግሥት ነው፤ አንተ እንግዳ ነህ» ብለው ስላስረዱት አመሰግናለሁ።

2ኛ. ዶዘሩን ወንዶቹ ለጁምዓ ሰላት በገቡበት ሰዓት ስለላኩልን ምስጋናዬ ይድረስዎ። እንሰቱ ሲደቅና የቤታችን ግድግዳ ሲናድ ጩኸቴን ሰምቶ፣ አብዱራህማን ጫማውን መስጊድ በር ላይ ትቶ ሮጦ መጣና ዶዘሩ ፊት ተጋደመ። «ልጆቼ የሚበሉት ይኼን ነው! በእኔ ላይ እለፉ!» አለ። ጥበቃዎችዎ አፉን በሰደፍ ሲመቱት ደሙ ቀሚሴ ላይ ተረጨ። እግሩን ይዘው በእንሰቱ ጉቶ ላይ ጎተቱት። በደረቱ እየዳኸ ተመልሶ ሲመጣ አንደኛው ሆዱን በጥይት መታው። እርስዎም ላንድሮቨርዎ አጠገብ ቆመው ሰዓትዎን አይተው «ሥራው ይቀጥል» አሉ።

3ኛ. ዋለ የሚባለው የዶዘሩ ሹፌር፣ የዳምቦያ ሰው፣ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። «ጓድ፣ እኔ የተቀጠርኩት አፈር ልገፋ ነው» አለዎት። ውስጥ እግሩን እስኪተለተል አስገርፈው አሰሩት፤ እስካሁን መቆም አይችልም። መንገድ ለሚሠራ ሰው መራመድ ምን ያደርግለታል!

ላንድሮቨርዎ አብዱራህማንን ሆሳዕና ሆስፒታል እንዲያደርስልን እግርዎ ላይ ወድቄ ስለምንዎት፣ «የመንግሥት ሥራ ላይ ነው» ማለትዎንም አልረሳሁም። በቃሬዛ ተሸክመነው ስንሄድ አንጀቱን በሻሼ ደግፌ ይዤ ነበር። ከተማው ሳይታየን ሞተ። ሬሳውን ይዘን ስንመለስ፣ የወደቀበት ቦታ ላይ ጠጠር ተደፍቶና ተዳምጦ ጠበቀን። መንግሥት እንዲህ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም፤ ለዚህም እጅ እነሣለሁ።

ኢትዮጵያ ትቅደም፤ እኔና ልጆቼ ዳር ይዘን እንከተላለን።

ሁልጊዜም በትሕትና የማስብዎ፣
የአብዱራህማን ሚስት ረሂማ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ገበያው በር ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳያስገርፉ ብዬ ስሜን በጉልህ ጽፌያለሁ። ከተናደው ቤት በተረፈችው ጓዳ ውስጥ እጠብቃለሁ። ሊወስዱኝ የሚልኳቸው ጥበቃዎች አድራሻ መጠየቅ አያስፈልጋቸውም፤ መንገድዎ በቀጥታ መኝታዬ ድረስ ያመጣቸዋል።