ከቢጫ ካፖርትሽ ጀርባ

ውድ እህቴ ኮራ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽን የሚይዝሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ የኦሪገን ዝናብ አባሰው? ባልሽ ሮስኮ እንዴት ነው፣ አሁንም ከእንጨት መሰንጠቂያው ነው የሚውለው? ልጆቹስ በርትተዋል? እኔ ደህና ነኝ። ማታ ማታ ዐይኔ ይደክማል እንጂ ሌላው ሁሉ በቦታው ነው። የፖም ዛፋችን ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል፤ የጠፋው የሚበላው ሰው ነው።

ብዙ ጊዜ ሳልጽፍልሽ በመቆየቴ እንዳትቀየሚኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ አንድ ሰሌዳ ነው። ባለቤቴ አልደን አንቺን ቢጫ የዝናብ ካፖርት አልብሶ፣ ድንጋዩ ላይ አቁሞ የሣለበትን ኮምፔንሳቶ ታስታውሻለሽ። ከሄድሽ በኋላ የሆነውን ግን አታውቂም። በረዶው ሲገባ ሌላ ሰሌዳ ስላልነበረው ያንኑ ገልብጦ በጀርባው እኔን ሣለ። ከዚያ ወዲህ አልደን እስኪሞት ድረስ ሰሌዳው ምድጃው አጠገብ ተሰቅሎ ኖረ። ሙቀት ሲመጣ አንቺን፣ በረዶ ሲጥል እኔን እያደረገ ያገላብጠው ነበር። እዚህ በረዶው እንደሚረዝም ታውቂያለሽ። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ካንቺ የበለጠ እቆይ ነበር፤ ይህንንም በልቤ እይዘው ነበር።

አንቺ ሦስት ቢጫ ጭረት፣ አንድ ጥቁር መስመርና ብዙ ነጭ ነሽ። እኔ ግራጫ ጉብታ ነኝ፤ ከጎኔ ሰማያዊ ባልዲ አለ። ሁለታችንም ፊት የለንም። ጎረቤቴ ኤልመር፣ ያ ሎብስተር አጥማጁ፣ አልደን በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ዓሣ ሊሰጠኝ ገብቶ፣ «ለመሆኑ ኮራ የትኛዋ ናት?» አለኝ። ገልብጬ ሳሳየው፣ «በእግዜር! እኔማ እንቁላል የፈሰሰበት መስሎኝ ልወለውለው ነበር» አለ። እኔን ሲያይ ደግሞ ኮፍያውን አውልቆ፣ «አንቺስ ሄስተር፣ ቁርጥ አንቺን ነው፤ በተለይ ባልዲው» አለኝ። አብሬው ሳቅሁ። እሱ ሲወጣ ሳቄም አብሮት ወጣ። እኔ ባልዲ፣ አንቺ ፀሐይ።

በሴፕቴምበር ወይዘሪት ብራንት የምትባል ሴት ከሙዚየም መጣች። በዚህ ባሕር ዳርቻ የኖሩ ሠዓሊያንን ሥራ ለኤግዚቢሽን እየሰበሰበች ነው። አልደን በወጣትነቱ ኒው ዮርክ በምትታተም ትንሽ መጽሔት ላይ የጻፈውን ይዛ ነበር። እኔ ያን ጽሑፍ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ትምህርት ቤት ያልሰጠኝን ንባብ ያስያዘኝ እሱ ነው። «ቀለም ምን እንደሆነ የገባኝ በአንድ ጠዋት ነው፤ አንዲት ሴት ቢጫ ለብሳ ከባሕሩ ፊት በቆመች ጊዜ» ይላል። ስለ ባሕሩ፣ ስለ ጀልባዎቹ፣ ስለ ኤልመር አባት አፍንጫ ሳይቀር ጽፏል። ስለ እኔ አንድም ቃል የለም። በመካከላችሁ ነገር ነበረ ብዬ ጠርጥሬ አላውቅም፤ ያ ቢሆንማ በቁጣ ወጥቶልኝ ነበር። እኔን በየቀኑ ያገኘኝ ነበር፤ አንቺን ግን አንድ ቀን ጠዋት ቆሞ ተመለከተሽ። ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ወይዘሪት ብራንት ሰሌዳውን ገልብጣ ያንቺን ገጽ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ነጩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነሥቷል፤ ቢጫውንም ይዞት እየረገፈ ነው። አልደን ከሞተ ወዲህ ሰሌዳውን አልገለበጥኩትም። በየሙቀቱ ወራት ፊትሽን ወደ እርጥቡ ግድግዳ አዙሬ ተውኩሽ። ሌላውን ምክንያት አንቺም ታውቂዋለሽ። ለአልደን ሰሌዳውን ነጭ ቀብቼ የማዘጋጅለት እኔ ነበርኩ። ሙጫውን ከጠመኔ ዱቄት ጋር ማሞቅ፣ መቀባት፣ እስኪደርቅ ማሳደር፣ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና መቀባት። አንቺን በሣለበት ቀን ግን የሁለታችሁ ሳቅ በመስኮት ሲገባ፣ እርጥቡ ላይ እርጥብ ደራርቤ ምድጃው አጠገብ አቆምኩት። እጅሽን ልታሞቂ ገብተሽ፣ «ሄስቲ፣ ሳይደርቅ ትደርቢበታለሽ እንዴ?» አልሽኝ። «ምድጃው ያደርቀዋል፤ አንቺ ሂጂና ፀጉርሽን አበጥሪ» አልኩሽ። አይተሽኛል፤ ለአልደን ግን አልነገርሽብኝም። ለዚህም ቀናሁብሽ። ብትነግሪብኝ ይሻለኝ ነበር። የራሴን ገጽ ሳዘጋጅ ግን አልቸኮልኩም፤ አንዱን ቅብ አሳድሬ ነው ሌላውን የደረብኩት። ዛሬም ጥፍር አይነቅለውም።

ሴትየዋ፣ «ባለቤትዎ ቸኩለው ይሆናል» ስትል፣ «እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኳት። ወደ እጄ ተመለከተች። ከዚያ አስረዳችኝ። ያንቺን ገጽ ለማዳን ሰሌዳው ከጀርባው በወፍራም ጣውላ ላይ መጣበቅ አለበት። የተጣበቀው ገጽ ዳግመኛ ብርሃን አያይም። «መሐል ለመሐል መሰንጠቅ አይቻልም?» ብላት፣ «ቀጭን ነው ወይዘሮ ሄስተር፤ ሁለታችሁንም እናጣለን» አለችኝ። «ምንም ባናደርግስ?» አልኳት። «ቢጫው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያልቃል። የእርስዎ ይቀራል» አለች። ውሳኔውን ለእኔ ትታ ሄደች።

አስቢው ኮራ፤ ከእኔ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ዝም ማለት ደግሞ እችልበታለሁ። ሰሌዳውን በእኔ ገጽ መልሼ ሰቀልኩት። የዓሣ ሾርባዬን እየጠጣሁ ባልዲዬን ስመለከት ሰነበትኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጣፈጠኝ። አንድ ቀን ስጠርግ ግን ካንቺ የረገፈች ምስር የምታህል ቢጫ ቅራፊ ወለሉ ላይ አገኘሁ። እሳቱ ውስጥ ልጥላት አነሳኋት። ገልበጥ ሳደርጋት ከሥሯ የእኔ ነጭ ተጣብቆባታል፤ ከእንጨቱ ለቅቆ ካንቺ ግን አልለቀቀም። ካፖርትሽ ዙሪያ ያለው ብርሃን፣ አልደን ብሩሽ ያላሳረፈበት ነጭ ሁሉ፣ የእኔ እጅ ሥራ ነው። ቅራፊዋን በስኒ ውስጥ አስቀመጥኳት። በማግስቱ ያንቺን እንዲያድኑ ለወይዘሪት ብራንት ጻፍኩላት።

ደግነት እንዳይመስልሽ። ሰው አንቺን ሊያይ ሲሰለፍ እኔ ከጀርባሽ ተጣብቄ እኖራለሁ፤ እኔ ሳልኖር አንቺ አትሰቀዪም። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ንጹሕ ደስታ ግን አይደለም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሰሌዳውን የሚወስዱት ከምስጋና በዓል በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በባቡር ድረሽልኝ። ባልዲውን አይተሽው አታውቂም፤ ከተሸፈነ ደግሞ ማንም አያየውም። ከእንግዲህ ሰው ሁሉ አንቺን ያያል። አንቺ ደግሞ እኔን እዪኝ።

ለሮስኮ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ጣቶቹን ከመጋዙ ይጠብቅ። አማትሽን ወይዘሮ ታቢታን እጅ ነሥታለች በያቸው። ዊኒፍሬድን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ትንሹን ክላይድን ደግሞ ሁለቱንም ጉንጩን። ኤልመርም እንቁላሏን ሰላም በይልኝ ብሎሻል።

ስትመጪ ያን ቢጫ ካፖርት ይዘሽ እንዳትመጪ። ከዘነበ የእኔን ትለብሻለሽ።

የማትረሳሽ እህትሽ
ሄስተር

ስታርክ ወደብ፣ ሜይን
ኦክቶበር 9 ቀን 1952